የያዘ ወገብ፣ የታሰረ እጅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

  በአዳማና በሞጆ፣ በመቂና በባቱ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ያላችሁ፣ ከሽንኩርት ማሳ ዳር ሬዲዮናችሁን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅላችሁ የምታዳምጡን፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሆናችሁ መንገድ ላይ ያላችሁ ሁሉ፣ ሳምንታዊው የጤና ዝግጅታችን ጀምሯል። ቡናውም ካለ ቀረብ አድርጉትና ጆሯችሁን አውሱን።

ዛሬ የምናወራው ስለ አጥንት፣ ስለ መገጣጠሚያና ስለ ጡንቻ ሕመም ነው። ስለ ወገብ፣ ስለ ወለምታ፣ ስለ ስብራት። ምሳሌዎቻችንን በአብዛኛው ከቡልቡላ እንወስዳለን።

ለምን ቡልቡላ አትሉም? ቡልቡላ ሰው በጉልበቱ የሚያድርባት ከተማ ናት። ከባቱ ወደ ላንጋኖ ሲኬድ በዋናው የሐዋሳ መንገድ ላይ ናት። ከደምበል ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ የሚወርደው የቡልቡላ ወንዝ በዚያው ያልፋል። በፓምፕ የሚለማ ቲማቲምና ሽንኩርት ባለበት ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚተክል፣ የሚኮተኩት፣ የሚለቅም ሰው አለ። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው ነው። ጆንያ የሚጭንና የሚያወርድ ወጣት፣ ጋሪ ነጂ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ የምትመለስ እናት፣ ሁሉም እንጀራቸው ያለው ወገባቸው ላይ ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ባለፈው ዓመት ወገቡን አሞት የማያውቅ ጎልማሳ በቤታችሁ አለ? አስቡት። ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ዛሬ ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛው፣ ሕመሙን መለየት። ሁለተኛው፣ ከለያችሁ በኋላ መንቀሳቀስ። ቅደም ተከተሉን አደራ አትገልብጡት። መጀመሪያ መለየት፣ ከዚያ መንቀሳቀስ።

(አጭር ሙዚቃ)

ከድንገተኛው ጉዳት እንጀምር። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ እናስብ። ከሚሄድ ጋሪ ላይ ሲዘል ወደቀ። ክንዱ ከክርኑ በታች አበጠ፣ ጠመም አለ። ልጁ ይጮኻል። እናቱ ከቤት ሮጣ ወጣች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ምን የሚባል ይመስላችኋል?

«ኧረ እትዬ፣ ሐኪም ቤት ወስደሽው ምን ሊያደርጉለት? ጄሶ ገጥመው ወር ሙሉ ያስቀምጡታል። ወጌሻው ጋ ውሰጂው፣ ዛሬውኑ ያቃናልሻል።»

ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ወጌሻው ቅርብ ነው፣ የሚያውቁት ሰው ነው፣ ቋንቋቸውን ይናገራል፣ ክፍያውም እንደ አቅም ነው። ብዙ ወለምታ አቃንቷል። ስለዚህ በዚህ ዝግጅት ወጌሻን የምንሰድብ አይደለንም። ስድብ እናቲቱን ወደ ሐኪም ቤት አያመጣትም፤ ተደብቃ ወደ ወጌሻው እንድትሄድ ብቻ ነው የሚያደርጋት።

ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ትልቁ አደጋ ያለው ማሰሪያው ላይ ነው።

እንዴት? የተሰበረ አካል ያብጣል። እብጠቱም በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን እየጨመረ ይሄዳል። በቀርከሃና በጨርቅ ዙሪያውን ጥፍር ተደርጎ ከታሰረ ግን ማሰሪያው አይሰፋም። ታዲያ ያበጠው ሥጋ ወዴት ይሂድ? ወደ ውስጥ ይጨነቃል፤ የደም ሥሩን ይጫናል። የመስኖ ፓምፕ ላስቲኩ ሲረገጥ ከጫፉ ውኃ እንደሚቋረጥ፣ ወደ ጣቶቹ የሚሄደው ደም ይቋረጣል። ስድስት ሰዓት ገደማ ደም ያጣ ጡንቻ መሞት ይጀምራል። የሞተ ሥጋ ደግሞ ይጠቁራል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ሕይወት ለማትረፍ እጁ ይቆረጣል። ከጋሪ ወድቆ አጥንቱ የተሰነጠቀ ልጅ፣ በጄሶ ሊድን የሚችል ልጅ፣ እጁን ያጣል ማለት ነው።

በአገራችን ሆስፒታሎች ይህ የታወቀ ታሪክ ነው። በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተሠራና በአውሮፓውያን 2005 በብሪታንያ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት አለ። ሐኪሙ ያደረገው ነገር ቀላል ነው። ወጌሻዎችን ሰብስቦ ለአንድ ቀን አስተማራቸው፤ ከዚያም እየተከታተለ አገዛቸው። እንዴት ሳያጠብቁ እንደሚያስሩ፣ ምን ምልክት ሲያዩ ወደ ሐኪም ቤት እንደሚልኩ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ በማሰሪያ ምክንያት የሚቆረጠው እጅና እግር ቁጥር ቀነሰ። ልብ በሉ፤ የአንድ ቀን ትምህርት ነው! አዲስ ሕንፃ አልተሠራም፤ ማሽን አልተገዛም። በየወረዳው ያላችሁ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ይህን እየሰማችሁ ከሆነ፣ ወጌሻዎቻችሁን አንድ ቀን ሰብስባችሁ ታውቃላችሁ?

(ፋታ)

አሁን አንድ ነገር አብረን እንሞክር። ሬዲዮውን አትዝጉ። የግራ እጃችሁን ዘርጉ። የሌባ ጣታችሁን ጥፍር በቀኝ አውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። ነጭ ሆነ አይደል? አሁን ልቀቁት።

(አምስት ሰከንድ ዝምታ)

ቀይነቱ ወዲያው ተመለሰ። አንድ፣ ሁለት ብላችሁ ሳትጨርሱ ማለት ነው። ደም ወደ ጣቱ እየደረሰ እንደሆነ ጥፍሩ ነገራችሁ። እጁ የታሰረ ልጅ ቤታችሁ ካለ ይህንኑ በየሁለት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር አድርጉለት። ቀይነቱ ለመመለስ ከዘገየ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ጣቱን ቀስ ብላችሁ ስታቃኑለት አምርሮ ከጮኸ፣ ማሰሪያው ይፈታ። ያኔውኑ ይፈታ!

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጥፍሩ ደህና ሆኖም እጁ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እሱም አደገኛ ምልክት ነው። በትክክል የታሰረ ስብራት ሕመሙ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። «ልጁ ለቅሶ ይወዳል» ብላችሁ አትለፉት።

«ወጌሻው ይቆጣል» አትበሉ። «ጄሶው ገንዘብ ወጥቶበታል» አትበሉ። ጄሶም ቢሆን ሲጠብቅ ያው ነው፤ ሐኪም ስለገጠመው አይምርም። ፈትታችሁ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ጄሶ ከሆነና እቤት መቁረጥ ካልቻላችሁ እጁን ከልቡ ትይዩ አድርጋችሁ ሳትዘገዩ ሂዱ።

ከመንገድ እስከ ሐኪም ቤት የሚደረገው እርዳታስ? አጥንቱን ለማቃናት አትጎትቱ። እንዳለ፣ እንደተቀመጠ ደግፉት። ካርቶን ወይም እንጨት በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ ከጉዳቱ በላይና በታች ያለውን መገጣጠሚያ ጨምራችሁ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። ጣቶቹ ይታዩ። ቆዳው ተቀዶ አጥንት ከታየ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ቅቤም፣ አፈርም፣ ቡናም እንዳይነካው።

የአዲስ አበባ–ሐዋሳው መንገድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የመኪና ወይም የሞተር አደጋ የደረሰበትን ሰው አንገቱንና ወገቡን ሳትደግፉ ብድግ አድርጋችሁ ባጃጅ ውስጥ አታጉሩት። አከርካሪው ተሰብሮ ከሆነ በዚያ አነሳስ ሽባ ሊሆን ይችላል። የሚቃጠል ወይም የሚያሰጋ ነገር ከሌለ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይያዝ፣ ሌሎቹ ወገቡንና እግሩን፤ እኩል አንስታችሁ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አጋድሙት።

(አጭር ሙዚቃ)

ወለምታ ጋ ደረስን። ቁርጭምጭሚት ዞረ፣ አበጠ። ስብራት ይሆን ወይስ ወለምታ ብቻ? ሐኪሞች ራሳቸው የሚጠቀሙበት ቀላል መለያ አለ። አራት እርምጃ መራመድ ትችላላችሁ? እያነከሳችሁም ቢሆን፣ ሁለት በአንዱ ሁለት በሌላው እግር። ካልቻላችሁ፣ ወይም በቁርጭምጭሚቱ ጎንና ጎን ያሉትን የአጥንት ጉብታዎች ጫፍና የኋላ ጠርዝ ስትጫኑ ሹል ሕመም ከተሰማችሁ ራጅ ያስፈልጋል። አራቱን እርምጃ ከተራመዳችሁና አጥንቱ ላይ ሕመም ከሌለ፣ ምናልባት ጅማት ነው የተጎዳው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አይታሽ፤ ትኩስ ነገር አይደረግበት። ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልላችሁ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ያዙበት። እግሩን ከፍ አድርጉት። ከዚያስ? ከዚያ እግሩ ሥራ ይጀምር! ቁጭ ብላችሁ እግራችሁን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በአውራ ጣታችሁ አየር ላይ ጻፉ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብላችሁ እስከ ፐ ድረስ። ቁቤ የለመዳችሁም በቁቤው ጻፉ፤ ቁርጭምጭሚት ሁለቱንም ይጽፋል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሆን ደግሞ ግድግዳ አጠገብ ሆናችሁ በተጎዳው እግር ብቻ መቆምን ተለማመዱ። ይህን ያልሠራ እግር ደጋግሞ ይዞራል። «አንድ ጊዜ ከዞረ በቃ እንዲሁ ነው» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው።

(የሙዚቃ ማሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ወገብ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆየት እንላለን፤ ብዙዎቻችሁን የሚመለከት ስለሆነ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ሰዎችን ከሥራና ከኑሮ በማገድ የወገብ ሕመምን የሚያህል የለም። ከስድስት መቶ ሚሊዮን በላይ ሰው አለበት። ቡልቡላ ብቻዋን አይደለችም ማለት ነው።

አንድ ጫኝ ወጣት እናስብ። ጠዋት ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ወገቡ ቀጭ አለ፤ ቀና ማለት አቃተው። ቤት ወሰዱት። እናቱ ፍራሽ ዘረጋችለት። «ልጄ፣ እንዳትነሳ፤ አጥንትህ ቦታው እስኪመለስ ተኛ» አለችው። ሳምንት ተኛ። ሲነሳ ባሰበት። ጓደኛው መድኃኒት ቤት ወስዶ የዲክሎፌናክ መርፌ አስወጋው። ለሁለት ቀን ተሻለው። ሦስተኛው ቀን ተመለሰበት። ሌላ መርፌ። ከዚያ ትራማዶል። ከዚያ የወገብ ቀበቶ ገዛ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ስህተቱ የቱ ነው? አንድ ብቻ ነው የምትሉ ካላችሁ ቆጠራውን ድገሙት።

መጀመሪያ መኝታው። ድንገት የያዘ ወገብ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። አንድ ቀን፣ ግፋ ቢል ሁለት ቀን ማረፍ ያለ ነው። ከዚያ በላይ ሲተኛ ግን ወገብን የሚደግፈው ጡንቻ ይላላል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ሰውየውም መንቀሳቀስ ይፈራል። ፍርሃቱ ራሱ ሕመም ይሆናል። ይህን ስል ሕመሙ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ሕመሙ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ሕመሙ በበረታ ቁጥር ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ነው ማለት አይደለም። ወገብ እያመመ እየዳነ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ መርፌው። ዲክሎፌናክም ኢቡፕሮፌንም ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይጠቅማሉ። መርፌው ከክኒኑ የተሻለ አይደለም፤ ያው መድኃኒት ነው፣ መንገዱ ብቻ ይለያል። በየሳምንቱ ሲደጋገም ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። በፀሐይ ውሎ ውኃ ያልጠጣ ሰው ሲሆን ደግሞ ኩላሊቱ ይበልጥ ይጋለጣል። ትራማዶልማ ሱስ ያስይዛል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ለቆየ የወገብ ሕመም መመሪያ አውጥቷል። የሚመክረው ትምህርትን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ በባለሙያ እጅ የሚሰጥ ማሸትንና ማንቀሳቀስን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን ነው። የማይመክረውስ? የወገብ ቀበቶን፣ ወገብን በማሽን መጎተትን፣ የትራማዶል ወገን የሆኑ መድኃኒቶችን። የእኛ ወጣት የገዛቸው ትራማዶሉም ቀበቶውም አይመከርም ከተባለው ወገን መሆናቸውን ልብ በሉ። ገንዘቡን እዚያ ጨረሰው።

ታዲያ ምን ያድርግ? ይራመድ። መጀመሪያ በቤቱ ዙሪያ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። በየሁለት ቀኑ ትንሽ ይጨምር። በጀርባው ተኝቶ ጉልበቶቹን አጥፎ መቀመጫውን ቀስ ብሎ ከመሬት ያንሳ፤ አምስት እስኪቆጥር ይያዘው፤ ያውርደው። አሥር ጊዜ። ትንሽ ቢያመው አይፍራ። ሕመሙ በማግስቱ ካልባሰ ልክ ነው ማለት ነው፤ በማግስቱ ከባሰ ደግሞ ቁጥሩን ይቀንስ እንጂ አያቁም። ወደ ሥራ ሲመለስም በግማሽ ጆንያ ይጀምር፤ ጭነቱን ከሰውነቱ አያርቀው። አሠሪዎች፣ ይህችን ስሙልኝ፤ አንድ ኩንታል በሁለት ጆንያ ቢከፈል ሥራው አይቀርባችሁም፣ ሠራተኛው ግን ይቆይላችኋል።

ጀሪካን የምታዝይ እህቴ፣ አንቺም እንዲሁ። ሃያ ሊትር ውኃ ሃያ ኪሎ ነው። ከተቻለ የእጅ ጋሪ፣ ከተቻለ አህያ፣ ካልተቻለ በሁለት አሥር አሥር ሊትር ከፍለሽ። ባልሽም አንዱን ይያዝ እንጂ! ይህ ምክር ከሕክምና መጽሐፍ የወጣ አይደለም፤ ግን ከመጽሐፉ ጋር አይጣላም።

(አጭር ሙዚቃ)

«መጀመሪያ መለየት» ብለን ነበር። የማይጠብቁት ምልክቶች የትኞቹ ናቸው? ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት ከታገደ ወይም ካመለጠ፤ ሰገራ ካመለጠ፤ በብልትና በመቀመጫ ዙሪያ ከደነዘዘ፤ እግር ከዛለና ከተጎተተ፣ ነገ ዛሬ የለም። ያኑ ቀን ሆስፒታል።

ቀስ እያሉ የሚመጡም አሉ። ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም፣ ሌሊት የሚያልብ፣ ሰውነት የሚያከሳ፣ ምናልባትም ጀርባ ላይ ጉብ ያለ ነገር ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ሳል ባይኖርም ቲቢ አጥንት ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ትኩሳት እየመጣ እየሄደ ወገብና ዳሌን የሚቆርጥ ከሆነስ? ያልፈላ ወተት የምትጠጡ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ከከብት፣ ከፍየልና ከግመል የሚተላለፍ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ። ለእነዚህ ማሸትም እንቅስቃሴም መድኃኒታቸው አይደለም።

(ፋታ)

ይህ ሸለቆ ደግሞ የራሱ የሆነ ሕመም አለው። አዲስ አበባ የሚሠራ ሐኪም ላያስታውሰው ይችላል፤ እናንተ ግን ጥርሳችሁ ላይ ታዩታላችሁ።

ፍሎራይድ ነው የምላችሁ። የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ የሚባለውን ማዕድን ለከርሰ ምድር ውኃው ይሰጣል። በብዙ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ወሰን፣ በሊትር ከአንድ ነጥብ አምስት ሚሊግራም፣ ይበልጣል። በልጅነት የጠጣው ሰው ጥርሱ ቡናማ ይሆናል። ለብዙ ዓመት የጠጣው ደግሞ በአጥንቱ ውስጥ ይከማቻል። ጅማቶች እንደ አጥንት ይደርቃሉ። አከርካሪ መታጠፍ ያቅተዋል። አንገቱን ማዞር የማይችል፣ ሲጠሩት መላ ሰውነቱን የሚያዞር ሰው አይታችሁ አታውቁም? ክርኑ ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ? ሲብስ የአከርካሪውን ገመድ ይጫንና እግር ያዝላል።

ይህ በአገራችን በደንብ የታወቀው ከአዳማ አጠገብ ወንጂ ላይ ነው። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመረ በኋላ፣ የእርሻውን የጉድጓድ ውኃ ለረዥም ዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ጀርባቸው እየደረቀ፣ አንዳንዶቹም እግራቸው እየከዳቸው መጡ። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በአውሮፓውያን 1987 ስለ ስምጥ ሸለቆው ፍሎሮሲስ ያሳተሙት ጥናት እስካሁን ድረስ ይጠቀሳል። ሸንኮራ የቆረጠ ሰው ወገቡን ያመመው ከማጎንበሱ ብቻ አልነበረም፤ ከጠጣው ውኃም ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ውኃ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። እንዲያውም ውኃው ተንኖ ሲቀንስ የቀረው ይወፍራል። ውኃ አጋር የሚባለው የውኃ ማከሚያም ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም። እንደገና ልበለው፦ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም። የሚረዳው ምንጩን መቀየር ነው፤ በንጹሕ ቆርቆሮ ጣሪያ የተያዘ የዝናብ ውኃ፣ ፍሎራይዱ ዝቅ ያለ ቦኖ፣ ወይም ከተቃጠለ የከብት አጥንት በሚሠራ ማጣሪያ የሚያልፍ ውኃ። ሁሉንም መቀየር ካልቻላችሁ መጀመሪያ ለሕፃናቱ የሚጠጣውንና ምግባቸው የሚበስልበትን ቀይሩ። የወረዳችሁን ውኃ ጽሕፈት ቤት «የዚህ ጉድጓድ ፍሎራይድ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለውም።

ጀርባው በፍሎራይድ የደረቀ አባት ቤታችሁ ካለ ደግሞ እባካችሁ ጀርባውን አታስረግጡት፤ አንገቱን አታስጠምዝዙት። አጥንቱ ወፍራም ቢመስልም ተሰባሪ ነው፤ የአከርካሪው ገመድም ቦታ አጥቷል። የደረቀውን ወደ ነበረበት የሚመልስ ሕክምና የለም። ፊዚዮቴራፒስቱ የሚያደርገው የቀረውን እንቅስቃሴ እንዳይጠፋ መጠበቅ፣ አረማመዱን ማስተካከል፣ እንዳይወድቅ መርዳት ነው። እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ፊዚዮቴራፒ፣ ፊዚዮቴራፒ እንላለን፤ ምን ይሠራል? «ያሻል» የምትሉ አላችሁ። ማሸት ከሥራው ትንሹ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ የቱ ጡንቻ እንደላላ፣ የቱ መገጣጠሚያ እንደደረቀ ይለካል፤ ከዚያ ለእናንተ የሚሆን እንቅስቃሴ ያስተምራል። ሥራው በአብዛኛው የሚሠራው እናንተ ቤት ነው፣ በእናንተ ጉልበት። ሁለት ጊዜ ሄዶ «አልተሻለኝም» ብሎ የሚቀር ሰው መድኃኒቱን ሳይውጥ የቀረ ነው።

ሙያው በአገራችን አዲስ አይደለም። በአውሮፓውያን 1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ የተጎዱ እጆችና እግሮች ወደ ሥራ እንዲመለሱ ሲደክም የኖረ ነው። ዛሬ ጎንደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች ባለሙያዎችን ያስመርቃሉ። ብዛታቸው ግን ለአገሩ አይበቃም፤ ያሉትም ትልልቅ ከተማ ላይ ተሰብስበዋል። ይህ መለወጥ ያለበት ነገር ነው። በእርሻና በፋብሪካ ጉልበት የሚያድር አካባቢ ከሁሉ በፊት ሊኖረው የሚገባ ባለሙያ ነበር።

የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴን ታውቁታላችሁ። ከሲድኒ ኦሎምፒክ በኋላ፣ በ1993 ዓ.ም.፣ የተረከዝ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና አድርጓል።  በመስከረም 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በሁለት ሰዓት ከሦስት ደቂቃ ከሃምሳ ዘጠኝ ሰከንድ ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበ። ጅማት ከቢላዋ በኋላ የሚጠነክረው ቀስ በቀስ ሲሠራበት ነው፤ ከአትሌት እስከ ጫኝ ሕጉ አንድ ነው።

ከቡልቡላ ለሚነሳ ሰው መንገዱ በጤና ጣቢያ ይጀምራል። ጤና ጣቢያው ወደ ባቱ ሆስፒታል፣ ከዚያም እንደ ጉዳቱ ወደ አዳማ ሊልክ ይችላል፤ ነባሮቹ በድሮ ስሙ ኃይለማርያም ማሞ መታሰቢያ ወደሚሉት ሆስፒታል የሕክምና ኮሌጅ ማለት ነው። የጤና መድን አባል ከሆናችሁ ሪፈሩን ሳትይዙ አትሂዱ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደረጃውን ጠብቆ የመጣን ነው የሚያስተናግደው። ጄሶ ሲፈታ ደግሞ «በቃ ዳንክ» ተብላችሁ ብትሸኙ፣ በሩ ላይ ቆማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ይህን እጅ እንዴት ነው የማሠራው?» ለወር የታሰረ መገጣጠሚያ ይደርቃል። ፊዚዮቴራፒስት ባይኖር እንኳ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ሁለት ሦስት እንቅስቃሴ ሊያሳዩአችሁ ይችላሉ። ሳታዩ አትውጡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይጀምራል)

ሰዓታችን ደርሷል። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ትከሻ መድረቅ፣ በተለይም ስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ትከሻቸው ለምን እንደሚደርቅ እናወራለን። ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን።

እስከዚያ አንድ አደራ አለኝ። በሰፈራችሁ ወጌሻ ካለ፣ ዛሬ ያልሰማ ከሆነ፣ ሄዳችሁ ስለ ጥፍሩ ንገሩት። አክብራችሁ፣ «አባባ፣ ሬዲዮ ላይ እንዲህ ሲሉ ሰማን» ብላችሁ። ጣቶቹን ሳይሸፍን፣ ሳያጠብቅ እንዲያስር፤ ጥፍሩ ቀይ ካልሆነ ወይም ሕመሙ ከባሰ ፈትቶ ሐኪም ቤት እንዲልክ። ደህና ሰንብቱልን።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይዘጋል)